ሚኒ ፎር ዊል፣ ሪሞት ወይስ ስሎት ካር? ወደ ልጅነት የመኪና ውድድር ለሚመለስ አዋቂ

ከተበላሸ ቴፕ ዲናሞ አውጥቶ የሽቦ መኪና ላይ ያሰረ ልጅ ዛሬ ሠርቶ የሚያድር ሰው ሆኗል። ፒያሳም ይደግ አራት ኪሎ፣ ያ ፍቅር በቀላሉ አይለቅም። አሁን ትንሽም ቢሆን ገንዘብ አለው። ኢንተርኔት ላይም መኪናው በሽ ነው። የሚያስቸግረው ምርጫው ነው። አንዱ በሪሞት ይነዳል፣ ሌላው ያለ ሪሞት ይከንፋል፣ ሦስተኛው ከነትራኩ በካርቶን ታሽጎ ይመጣል። ዋጋቸውም በጣም ይራራቃል።

ብዙ ሰው ምርጫውን ከፍጥነት ይጀምራል። እኔ ግን በሁለት ጥያቄ ብትጀምሩ እላለሁ። የት ነው የማስሮጠው? ከማን ጋር? ውድድር ለብቻ አይሆንም። አንድ ውድ መኪና ገዝቶ ሳሎን ውስጥ ብቻውን የሚያዞር ሰው ቶሎ ይሰለቸዋል። ስለዚህ ሁሉንም የማያቸው “በዚህ ገንዘብ ሁለት መግዛት ይቻላል ወይ?” በሚል ዓይን ነው።

ሚኒ ፎር ዊል

መሀል ከተማ፣ ኮንዶሚኒየም ወይም ጠበብ ያለ ግቢ ውስጥ ለሚኖር ሰው የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይሄ ነው። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ በ1982 እ.ኤ.አ. ማምረት ጀመረ። መጠኑ የእውነተኛው መኪና 1/32 ነው፤ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። አንድ ትንሽ ዲናሞ በሁለት ዳብል ኤ የባትሪ ድንጋይ አራቱንም ጎማ ያዞራል። ሪሞት የለውም። ማብሪያውን ከፍታችሁ ትለቁታላችሁ። ግድግዳ ባለው ትራክ ውስጥ በጎኖቹ ያሉት ትንንሽ ሮለሮች ግድግዳውን እየተደገፉ ያጥፉታል።

“ካልነዳሁት ታዲያ ምኑ ነው ውድድሩ?” የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ውድድሩ ያለው መኪናው ከመለቀቁ በፊት ነው። ማርሹ 3.5 ለ 1 ከሆነ፣ ማለትም ዲናሞው 3.5 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ የሚዞር ከሆነ፣ ቀጥታው ላይ ይፈጥናል፤ 5 ለ 1 ከሆነ ፍጥነቱ ይቀንስና ጉልበት ያገኛል። ዲናሞም እንደዚያው ነው፤ ለጉልበት የተሠራ አለ፣ ለዙር ብዛት የተሠራ አለ። በጣም ፈጣኑን ዲናሞ ገጥማችሁ ብትለቁት መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ዘሎ ይወጣል። ስለዚህ ሮለር ትቀይራላችሁ፣ ከሥሩ የስፖንጅ ፍሬን ትለጥፋላችሁ፣ ሲዘል እንዳይነጥር ክብደት ትጨምራላችሁ። ያ ዲናሞ ፈትቶ የሚገጥም ልጅ የሚናፍቀው ይህንኑ ነው ብዬ አምናለሁ።

መኪናው የሚመጣው ተበትኖ ነው። ማስቲሽ አያስፈልገውም፤ አካሉ እርስ በርሱ ይነካከሳል። ትንሽ ካቻቢቴና መቁረጫ ፒንሳ ይበቃል። የዘጠኝ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ ካላችሁ አብራችሁ በአንድ ከሰዓት ትጨርሱታላችሁ።

ስትገዙ ሻንሲውን እዩ። ኤምኤስ እና ኤምኤ የሚባሉት ዲናሞው መሀል ላይ ይቀመጣል፤ ዘንጉም በሁለቱም ጫፍ ይወጣል። ቪዜድ፣ ኤአር እና ሱፐር ቱ ደግሞ ዘንጉ በአንድ ጫፍ ብቻ የሚወጣ ዲናሞ ነው የሚወስዱት። የአንዱ ለሌላው አይገጥምም። ሁለት መኪና ስትገዙ ከአንድ ወገን ብትገዙ መለዋወጫ መበዳደር ትችላላችሁ። ለጀማሪ ኤምኤን እመርጣለሁ። ጠንካራ ነው፣ የሚፈታው ነገርም ትንሽ ነው።

ተራው ካርቶን ጃፓን ውስጥ ከ1,000 እስከ 1,500 የን አካባቢ ይሸጣል። ከሦስቱ ዓይነት “ሁለት ልግዛ” ለማለት የሚያስደፍረው ይህ ብቻ ነው። ገበያው ላይ ቅጂዎችም አሉ። ተገጣጥሞ የሚሸጥ ቅጂ ከሆነባችሁ ሳትከፍሉ ጎማውን በእጃችሁ አዙሩት። ማርሹ የሚንገጫገጭ ከሆነ ተዉት።

ድክመቱ ትራኩ ነው። ታሚያ የሚሸጠው ባለ ሦስት መስመር ትራክ በካርቶኑ ትልቅነት ብቻ ሻንጣ ይሞላል። ግን አናጺ ይሠራዋል። በውድድር ደንቡ የመኪናው ስፋት ከ10.5 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። የመስመሩ ስፋት 11.5፣ የግድግዳው ቁመት 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህን ልክ ይዛችሁ ሂዱ። ወለሉ ወፍራም ኮምፔንሳቶ፣ መታጠፊያው ላይ ያለው ግድግዳ ቀጭንና የሚታጠፍ ይሁን። መገጣጠሚያው ላይ ምንም ዓይነት እርከን እንዳይኖር አደራ በሉት፤ ሮለሩ የሚሰበረው እዚያ ነው። የውጪው መስመር ከውስጡ ስለሚረዝም በየዙሩ መስመር ተቀያየሩ። ቦታ ከሌለ ደግሞ ሁለት ቀጥ ያለ መስመር ሠርታችሁ ኮሪደር ላይ ዘርጉ፤ መጨረሻው ላይ ወፍራም ስፖንጅ አስቀምጡ። ማርሹ ፕላስቲክ ስለሆነ ይጮኻል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ጎረቤትን ማስታወስ ነው።

የሱቅ ርካሽ ድንጋይ ግን አትጠቀሙ። ቻርጅ የሚደረግ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ግዙ። ላዩ ላይ የሚጻፈው 1.2 ቮልት ስለሆነ ከተራው ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ያነሰ ይመስላል። ዲናሞው ብዙ ከረንት ሲስብ ግን ቮልቴጁን ይዞ የሚቆየው እሱ ነው። ሩጫው ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ሪሞት

እዚህ መጀመሪያ መጫወቻውን ከእውነተኛው መለየት ያስፈልጋል። መሪውን ትንሽ ስታዞሩት ጎማው ትንሽ፣ ብዙ ስታዞሩት ብዙ ይታጠፋል? ፍጥነቱስ እንደ ጣታችሁ አጫጫን ይለያያል? ካልሆነ፣ ማለትም ወይ ሙሉ ወይ ባዶ ከሆነ፣ ለውድድር አይሆንም። ሁለተኛው መለያ ሲግናሉ ነው። ልጅ ሆነን የአንዱ ሪሞት የሌላውን መኪና ሲያንቀሳቅስ ታስታውሳላችሁ። ሁለቱም በ27 ሜጋኸርዝ ላይ ስለሚሠሩ ነው። ዛሬ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚል ግዙ፤ ብዙ መኪና አንድ ላይ ቢሮጥ አይጋጭም። ሦስተኛው መለዋወጫ ነው። የመሪ ክንዱ ሲሰበር ለብቻው የማይሸጥ መኪና ከመጀመሪያው ግጭት በኋላ ጌጥ ነው።

ለቤት ውስጥ ኪዮሾ የተባለው ኩባንያ በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሚኒ ዜድ አለ። መጠኑ 1/28 አካባቢ ነው፣ በአራት ትሪፕል ኤ ድንጋይ ይሄዳል። መሪው ትክክለኛነቱ የሚገርም ነው፤ ከሁሉም “ነዳሁ” የሚያሰኘው እሱ ነው። ግን በአንዱ ዋጋ ከአሥር በላይ ሚኒ ፎር ዊል ይገዛል። ወለሉም ለጥ ያለ መሆን አለበት። ሴራሚክ ላይ ያንሸራትተዋል፤ የልጆች ተገጣጣሚ የስፖንጅ ምንጣፍ ብታነጥፉለት ግን ጥሩ ይሄዳል። ዋጋው ከከበዳችሁ ደብሊውኤል ቶይስ የተባለው ኩባንያ በዚሁ መጠን ረከስ ያሉ አሉት።

ለውጪ ከሆነ የዚሁ ኩባንያ 144001 የሚባለው ብዙ ጀማሪ የሚገዛው ነው። 1/14 ነው፣ አራቱም ጎማ ይነዳል፣ ሻንሲው ብረት ነው። አምራቹ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላል። ይህን ፍጥነት ሳስብ ደስታም ስጋትም ይሰማኛል። መስቀል አደባባይ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ሰፊ ሜዳ ሆኗል፣ የመሀል ከተማው የእግረኛ መንገድም ሰፍቷል። ነገር ግን ሰው አለ፣ ሕፃን አለ። ብረት ያለው መኪና በዚያ ፍጥነት የሰው ቁርጭምጭሚት ቢመታ ሊሰብር ይችላል። የሚቻለው ማልዶ፣ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ወይም የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ፣ ጥበቃውን አስፈቅዶ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ የሌለው ሰው ባይገዛው ይሻላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናቡ ስላለ መኪናው አብዛኛውን ጊዜ መደርደሪያ ላይ ነው።

በነዳጅ የሚሠሩትን ለዚህ ከተማ አልመክርም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ካርቡሬተሩም እንደገና መስተካከል አለበት። ነዳጁም ተቀጣጣይ ስለሆነ በሻንጣ አይመጣም።

ስሎት ካር

ትራኩ ላይ ቦይ አለ፤ ከግራና ቀኙ ባለ ብረት መስመር መብራት ይሄዳል። መኪናው ቦዩን ተከትሎ ይሮጣል፣ እናንተ በእጃችሁ ፍጥነቱን ብቻ ትቆጣጠራላችሁ። እንግሊዛዊው ፍሬድ ፍራንሲስ ስኬሌክስትሪክን ያወጣው በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። ትልቁ ጥቅሙ ካርቶኑ ውስጥ ሁለት መኪናና ሁለት መቆጣጠሪያ መኖሩ ነው፤ በከፈታችሁበት ቀን ትወዳደራላችሁ።

እኛ ጋ ግን ሦስት ነገር ይከብደዋል። መብራት ሲጠፋ ውድድሩ ያበቃል። በየአካባቢው ግንባታ ስላለ የሚገባው አቧራ ብረቱ ላይ እየተቀመጠ መኪናውን ያቆራርጠዋል፤ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ግድ ነው። እንዲሁም ካርቶኑ ትልቅና ከባድ ነው። ተዘርግቶ የሚቆይበት ክፍል ያለው፣ ከእንግሊዝ ወይም ከጀርመን ዕቃ የሚያመጣለት ዘመድ ያለው ሰው ይግዛው። ትንሽ ቦታ ላለው ሰው ካሬራ ጎ የሚባለው የ1/43 ስሎት ካር ይሻላል። ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ ትራንስፎርመሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት መጻፉን ሳታረጋግጡ እኛ 220 ላይ እንዳትሰኩት።

በሰው ስታስልኩ

ከውጪ ለሚመጣ ሰው ስታስልኩ ስለ ባትሪው አስቀድማችሁ ንገሩት። የ144001 ባትሪ ሊቲየም ነው። መለዋወጫ የሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ አይገባም፤ በእጅ ሻንጣ፣ ጫፉ ተሸፍኖ መያዝ አለበት። ያለ አየር መንገዱ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። 7.4 ቮልት በ1.5 አምፒር ሰዓት ሲባዛ 11.1 ዋት ሰዓት ስለሚሆን በመጠኑ ችግር የለበትም። የሚኒ ፎር ዊል ድንጋይ ይህ ሁሉ የለበትም። ሁለት መኪና፣ አራት ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ ከነቻርጀሩ፣ አንድ ትርፍ ዲናሞና ሁለት ጥንድ ባለ ኩሽኔታ ሮለር ብላችሁ ጻፉለት። ዲናሞው ከሻንሲው ጋር እንዲገጥም የሻንሲውንም ስም እዚያው ላይ ጻፉ።