የጉዞ ታሪክ በካርታ፦ ጉግል ማይ ማፕስ ወይስ ስቶሪማፕ ጄኤስ?

የጉዞ ማስታወሻውን በዲጂታል ካርታ ላይ መተረክ ለሚፈልግ ሰው ሁለት ነፃ መሣሪያዎች አሉ። አንዱ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ጉግል ማይ ማፕስ ነው፤ ሌላው በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ናይት ላብ የሠራው ስቶሪማፕ ጄኤስ። ሁለቱም የጉግል አካውንት ይጠይቃሉ።

ማይ ማፕስ ጥሩ መዝገብ ነው። በአንድ ካርታ ላይ እስከ 10 ንብርብር ስለሚፈቅድ ያደራችሁባቸውን ቦታዎች፣ የእግር መንገዱንና የጎበኛችሁትን ሁሉ ለየብቻ ማስቀመጥ ይቻላል። ሥራችሁን በኬኤምኤል ፋይል (የካርታ መረጃ በሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) ማውረድ መቻላችሁም ትልቅ ነገር ነው፤ አገልግሎቱ አንድ ቀን ቢቋረጥ ድካማችሁ እጃችሁ ላይ ይቀራል። አንባቢው ግን ካርታውን ሲከፍት የሚያየው የተበተነ ምልክት ነው። ከየት እንደሚጀምር የሚነግረው የለም።

ስቶሪማፕ ጄኤስ አንባቢውን እጁን ይዞ ይወስደዋል። እያንዳንዱ ገጽ አንድ ቦታ፣ አንድ ፎቶ ወይም ቪዲዮ፣ ጥቂት ጽሑፍ ይይዛል። ቀጣዩን ሲጫን ካርታው ራሱ ወደሚቀጥለው ቦታ ይንሸራተታል። በዚያች ቅጽበት ርቀቱ ይሰማል! ከባሕር ዳርቻ ወደ ተራራ መውጣታችሁን በቃል ሳታስረዱ አንባቢው ያየዋል። ለእኔ የጉዞ ታሪክ ማለት ይህ ቅደም ተከተል ስለሆነ ምርጫዬ እሱ ነው።

ታሪኩ በአንድ ሰፈር ውስጥ የሚሽከረከር ከሆነ ግን ካርታው እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ ውበቱ ይጠፋል። ያኔ ማይ ማፕስን እመርጣለሁ።