የእናቴን ድምፅ ላተረፈልኝ ሰው ምስጋና፦ አናሎግ ኦብሴሽን

ቤታችሁ ውስጥ ቀድታችሁ ራሳችሁ ሚክስ ለምታደርጉ (ድምፁን ለምታመጣጥኑ) ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው። አናሎግ ኦብሴሽን ለሚባለው የድምፅ ሶፍትዌር ሠሪም ምስጋና አለብኝ።

ባለፈው ክረምት የእናቴን እንጉርጉሮ ቀዳሁ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄ፣ ፍሪጁን ነቅዬ፣ አንድ ማይክ ፊቷ አቁሜ። እናቴ ስንኙን ከፍ አድርጋ ትጀምርና መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ትንፋሽ ብቻ ይሆናል። ሐዘኑ ያለው እዚያች ትንፋሽ ላይ ነው። ከፍ ያለውን ልክ ሳስገባ ትንፋሿ ይጠፋል፤ ትንፋሿን ሳነሳ ከፍ ያለው ጆሮ ይበሳል። ውድ ፕለጊኖችን (በቀረጻ ፕሮግራም ውስጥ የሚገቡ የድምፅ ማስተካከያ ሶፍትዌሮችን) ክራክ አድርጎ፣ ማለትም ሳይከፈልባቸው ሰብሮ፣ የሚጭን አንድ ሱቅ ሄድኩ። የጫነልኝ ነገር ቫይረስ ነበረበትና የመጀመሪያውን ቅጂ እንዳለ አጣሁት። እናቴ «ደግሜ እልልሃለሁ» አለችኝ፤ አለችልኝም። ያ የመጀመሪያው ግን እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

አናሎግ ኦብሴሽንን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከጀርባው ያለው አንድ ሰው ነው። የድሮ የስቱዲዮ ማሽኖችን በሶፍትዌር መልሶ ይሠራና በነፃ ይሰጣል፤ መደገፍ የፈለገ ፓትሪዮን በሚባለው የድጋፍ ገንዘብ መላኪያ ድረ ገጽ ይደግፈዋል። ሳወርድ ካርድ አልጠየቀኝም። የዶላር ካርድ የሌለን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

እኔን የታደገችኝ «ላላ» የምትባለው ኮምፕረሰር ናት፤ ኮምፕረሰር ከፍ ያለውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ከዝቅተኛው ጋር የሚያቀራርብ መሣሪያ ነው። መነሻዋ ጄምስ ሎረንስ ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዲና ውስጥ በቴሌትሮኒክስ ስም የሠራው ኤልኤ-2ኤ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ በ1960ዎቹ የወጣ፣ በቫኪዩም ቱቦ የሚሠራ ማሽን። በውስጡ ድምፁ ወደ ብርሃን ይለወጣል። ዘፋኙ ሲጮህ ብርሃኑ ይደምቃል፣ ብርሃን የሚያየው ሬዚስተርም ድምፁን ዝቅ ያደርገዋል። ውበቱ አለቃቀቁ ላይ ነው፦ ግማሹን በ60 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይለቅና የቀረውን በሰከንዶች እያዘገመ ይለቃል፤ የቆይታው ርዝመት ድምፁ ምን ያህል ጠንክሮ እንደቆየ በሚለው ይወሰናል። ጠበቅ ያደርጋል፣ ከዚያ ላላ። ስሙን ያወጣው ሰው አማርኛ የሚያውቅ አይመስለኝም፣ ግን ከዚህ የተሻለ ስም አላገኝላትም።

ዋና ቁልፎቿ ሁለት ናቸው፦ ከፍ ያለውን የሚቀንሰው ፒክ ሪዳክሽንና መላውን ድምፅ ከፍ የሚያደርገው ጌይን። እኔ የመለኪያዋ መርፌ ከፍ ባለው ስንኝ ላይ ከ3 እስከ 5 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) እስኪወርድ ፒክ ሪዳክሽኑን አዞርኩና የጎደለውን በጌይን መለስኩ። የእናቴ ትንፋሽ ወደፊት መጣ፤ ከፍ ያለውም አልታፈነም።

ለከበሮና ለጭብጨባ ግን ላላ ትዘገያለች። ለዚያ «ፌቲሽ»ን ሞክሩ፤ መነሻዋ ቢል ፑትናም እንደ ፈረንጆቹ በ1967 ያወጣው 1176 የተባለ ኮምፕረሰር ነው። በትራንዚስተር ስለሚሠራ እስከ 20 ማይክሮሰከንድ ድረስ ይፈጥናል። ዋናው ማሽን ላይ አታክ የሚለው (ድምፁን ለመያዝ የሚፈጀውን ጊዜ የሚወስነው) ቁልፍ ወደ 7 ሲዞር እንደሚፈጥን አትርሱ፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል።

ለዚህ ሰው እጅህ ይባረክ እለዋለሁ። ቋንቋችንን ሳታውቅ የእናቴን ስንኝ እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ አሰማኸኝ። አሜሪካ ያለችው እህቴ በእሷ ካርድ በፓትሪዮን ድጋፍ ልካልኛለች። ውጭ አገር ያላችሁና የምትጠቀሙበት ሁሉ፣ እባካችሁ እናንተም የቻላችሁትን ላኩለት።