ባዮፓይተን እና ፓንዳስ፦ ለፕራይመር ቲኤም እና ለሜልት ከርቭ ግራፍ እንዴት ናቸው?

ቀጥታ ወደ ፍርዱ ልግባ። ባዮፓይተን፣ ለባዮሎጂ ሥራ የተዘጋጀው የፓይተን ጥቅል፣ የፕራይመር (ዲኤንኤ በሚባዛበት ፒሲአር ላይ ማባዛቱን የሚያስጀምረው አጭር ዲኤንኤ) ቲኤም፣ ማለትም ግማሹ የሚላቀቅበትን ሙቀት፣ ለማስላት ጎበዝ ነው፣ ነፃም ነው፣ ግን ቲዩባችሁ ውስጥ ምን እንዳለ በራሱ አያውቅም። ሁኔታችሁን ካልነገራችሁት የሚሰጣችሁ ቁጥር የእናንተ ቲዩብ ቁጥር አይደለም። ፓንዳስ፣ የፓይተን የሰንጠረዥ መሣሪያ፣ ደግሞ ከማሽን የወጣ ሰንጠረዥን ለግራፍ በማዘጋጀት በኩል እስካሁን የሚወዳደረው አላገኘሁም።

ሁለቱንም የምጠቀመው ኮዬ ፈጬ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው። እዚህ ሰፈር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ኔትወርኩ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ ደግሞ ስልኩን ይዞ መስኮት ሥር መቆም ነው። ኦንላይን የቲኤም ካልኩሌተሮች ደህና ናቸው፣ ግን ኢንተርኔት ሲሄድ አብረው ይሄዳሉ። ባዮፓይተን አንዴ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ድረስ መብራት ቢጠፋም ሥራችሁን ትቀጥላላችሁ። ለመጫን ደግሞ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሄዶ «ፒፕ ዳውንሎድ» በሚለው ትእዛዝ ፋይሎቹን በፍላሽ ይዞ መምጣት ይቻላል። ብቻ የፓይተኑ ቨርዥንና ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከእናንተ ላፕቶፕ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ፣ ካልሆነ እምቢ ይላል።

ባዮፓይተን ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚሆነው ክፍል ሜልቲንግ ቴምፕ ይባላል። ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው የዋላስ ስሌት ነው፣ ከዲኤንኤ ፊደላት (ቤዞች) ለእያንዳንዱ ኤ እና ቲ 2 ዲግሪ፣ ለእያንዳንዱ ጂ እና ሲ 4 ዲግሪ። በጣትም ይሠራል። ሁለተኛው የጂሲ መቶኛን ይዞ ይሄዳል፣ እሱን ብዙም አልፈልገውም። ሦስተኛው ነው ዋናው፣ ኒረስት ኔበር የሚባለው። ይሄኛው ፊደላቱን ነጠላ ነጠላ አይቆጥርም፣ ጎን ለጎን ያሉትን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያያል፣ ምክንያቱም የዲኤንኤ ሁለቱ ሰንሰለቶች ምን ያህል አጥብቀው እንደሚያያዙ የሚወስነው ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠም ጭምር ነው። ካልነካችሁት የ1997ቱን የአላዊ እና የሳንታሉሲያ ሰንጠረዥ ይጠቀማል። የ1986ቱን፣ የ1996ቱን ወይም የ2004ቱን መምረጥም ትችላላችሁ፣ ይሄ ምርጫ መኖሩ በጣም ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሁሉም ላብ የሚያውቀውን ባለ 17 ቤዙን ኤም13 ፎርዋርድ ፕራይመር እንውሰድ። 9 ጂ እና ሲ፣ 8 ኤ እና ቲ አለው። በዋላስ 52 ዲግሪ ይመጣል። በኒረስት ኔበር ምንም ሳትነኩ ብታሰሉት 49 ገደማ ይሰጣችኋል። ለምን? ካልተነገረው በስተቀር ሶዲየም 50 ሚሊሞላር፣ ማግኒዥየም ዜሮ፣ ፕራይመሩን ደግሞ 25 ናኖሞላር ብሎ ነው የሚነሳው። እስቲ ማግኒዥየም የሌለው ፒሲአር ማን ይሠራል?

የተለመደውን በፈር (ፒሲአሩ የሚሠራበትን የጨው ውህድ) አስገቡለት። ፖታሲየም 50፣ ትሪስ 10፣ ማግኒዥየም 1.5፣ ዲኤንቲፒ (አዲሱ ዲኤንኤ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ) በድምሩ 0.8 ሚሊሞላር። ሶዲየሙን ዜሮ ማድረግ እንዳትረሱ፣ አለበለዚያ ያ 50 እዚያው ተቀምጦ ይደመራል። ዲኤንቲፒው ከማግኒዥየሙ ላይ ይቀነሳል፣ ስለሚይዘው። ይህን ስታደርጉ ቁጥሩ ወደ 54 ይወጣል። ከዚያ ፕራይመሩን 250 ናኖሞላር፣ ሁለተኛውን ሰንሰለት ዜሮ በሉት፣ 59 ይሆናል። ያው ፕራይመር፣ ያው ኮድ፣ 10 ዲግሪ ልዩነት!

አንዲት የማስተርስ ተማሪ «ታዲያ የትኛውን ልመን?» ብላኝ ነበር። መልሱ ቀላል ነው እህቴ፣ ቲዩብሽ ውስጥ ያለውን የሚያውቀውን። ብዙ ሰው አኒሊንጉን፣ ፕራይመሩ የሚለጠፍበትን ደረጃ፣ ከቲኤም 5 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ይጀምራል። 49ኙን ይዞ በ44 የጀመረ ሰው ፕራይመሩ ያልታሰበበት ቦታ ሁሉ እየተለጠፈ ጄሉ ላይ የማይፈልገውን ባንድ ያይ ይሆናል፣ ሪኤጀንት ደግሞ እዚህ አገር እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አይደለም። ዲኤምኤስኦ (ቲኤሙን ዝቅ የሚያደርግ ኬሚካል) የምትጨምሩ ከሆነ ለእሱም ራሱን የቻለ ማስተካከያ አለው፣ ተጠቀሙበት።

አንድ ያልወደድኩት ነገር አለ፣ እሱም ከባድ ነው። 16ኤስ ለሚባለው የባክቴሪያ ጂን የምንጠቀምበት 27ኤፍ ፕራይመር መሀሉ ላይ «ኤም» የሚል ፊደል አለው፣ ኤ ወይም ሲ ማለት ነው። ኒረስት ኔበሩ ይህን ፊደል ሲያገኝ አይጮህም። ዝም ብሎ ያወጣውና ባለ 20 ቤዙን ፕራይመር ባለ 19 አድርጎ ያሰላል! መልሱ ደግሞ ሲያዩት ምንም ነውር የለበትም፣ አሳማኝ ቁጥር ነው። መፍትሄው ፕራይመሩን ሁለት አድርጎ መጻፍ ነው፣ አንዱን በኤ፣ አንዱን በሲ፣ ከዚያ ሁለቱንም አስልቶ ዝቅተኛውን መያዝ። ግን ይሄ የተጠቃሚው ሸክም መሆን አልነበረበትም፣ ቢያንስ አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ይገባ ነበር። አንድ ኮከብ የቀነስኩት ለዚህ ነው። ከ5 4።

ፓንዳስ ጋ ስንመጣ ከ5 5 ነው፣ አልከራከርም። የሪልታይም ፒሲአር ማሽን የሜልት ከርቭ ዳታውን (ዲኤንኤው ሲሞቅ ፍሎረሰንሱ፣ ማለትም ብርሃኑ፣ እንዴት እንደሚቀንስ የሚያሳየውን) ብዙ ጊዜ ወደ ጎን ዘርግቶ ነው የሚያወጣው። አንድ ዓምድ ሙቀት፣ ከዚያ 96 ዓምድ ለ96ቱ ዌል (የናሙና ጉድጓድ)። ከ65 እስከ 95 ዲግሪ በግማሽ ግማሽ ከሄደ 61 ረድፍ ይሆናል። ይህን በኤክሴል እየቆረጡ ግራፍ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፣ ያሳዝኑኛል። በፓንዳስ «ሜልት» የምትለው አንዲት ትእዛዝ ወደ ታች ትዘረጋዋለች፣ ሙቀት፣ ዌል፣ ፍሎረሰንስ፣ ሦስት ዓምድ፣ 5856 ረድፍ። የሙቀቱን ዓምድ መለያ ነው ብላችሁ መንገር አለባችሁ፣ ካልነገራችሁት እሱንም እንደ አንድ ዌል ቆጥሮ ያወርደዋል። ከዚያ የትኛው ዌል የማን ናሙና እንደሆነ የያዘውን ሰንጠረዥ በዌል ስም ታጋጥሙታላችሁ፣ አለቀ።

ፒኩን ለማየት የፍሎረሰንሱን የለውጥ መጠን ስታሰሉ በየዌሉ ከፋፍላችሁ አስሉ። አንድ ላይ ካሰላችሁት የአንዱ ዌል መጨረሻ ከሚቀጥለው መጀመሪያ ጋር ይቀጠልና የሌለ ፒክ ይወልዳል። የዌል ስሞችንም ቅደም ተከተል እዩ፣ እንደ ጽሑፍ ስለሚደረደሩ ኤ10 ከኤ2 ቀድሞ ይመጣል።

ግራፉን የምሠራው በሲቦርን፣ በፓይተን የግራፍ ጥቅል፣ ነው፣ ለረጅም ሰንጠረዥ የተመቸ ስለሆነ። ብቻ የአንድ ናሙና ሦስት ዌል ካለ በራሱ አማካይ ወስዶ ዙሪያውን በ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ያጠላዋል። ለሜልት ከርቭ ይህን አጥፉት፣ «ኢስቲሜተር» የሚለውን ባዶ አድርጉና «ዩኒትስ» የሚለው ላይ ዌሉን ስጡት። ከሦስቱ አንዱ ዌል ሁለት ፒክ ካለው ፕራይመር ዳይመር (እርስ በርስ የተጣበቁ ፕራይመሮች) ወይም ሌላ ምርት አለ ማለት ሊሆን ይችላል፣ አማካዩ ውስጥ ግን እሱን አታዩትም።