ሙሉ ቆሮሶ ወይስ የፍሪዘር ፊሌቶ?

ፆም ሊገባ ሲል ጓደኞቼ ይደውላሉ። «የዓሣ ፊሌቶ ልግዛ ወይስ ሙሉውን?» መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ ሙሉ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ግዙ፣ ፊሌቶውን፣ ማለትም አጥንት የሌለውን ሥጋ፣ ዓይናችሁ እያየ ያውጡላችሁ።

እንዲህ የምለው ስለተቃጠልኩ ነው። እናቴ ሥጋ ቀንሺ ተብላ ነበርና አራት ኪሎ አካባቢ ካለ ሱቅ «ናይል ፐርች ነው» ተብዬ ሁለት ኪሎ ፊሌቶ ገዛሁላት። ድንጋይ የሆነ በረዶ ነው። ማታ ሲቀልጥ ሳህኑ ውሃ ሞላ። ብመዝነው አንድ ኪሎ ተኩል ሆነ። የባሰው ደግሞ ሥጋው ነው። ናይል ፐርች ነጭና ጠንካራ ነው። የእኔው ቀላ ያለ፣ እጅ ላይ የሚልፈሰፈስ ነበር። አምባዛ ነው። አምባዛ መጥፎ ዓሣ አይደለም፤ ስብ ስላለው ወጥ ያጣፍጣል። ግን ቅርፊት ስለሌለው ብዙ ኦርቶዶክሶች አይበሉትም። እናቴም አትበላም። ከብሩ በላይ ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ከሙሉ ቆሮሶ የሚወጣው ንጹህ ፊሌቶ የክብደቱ ሲሶ ገደማ ነው። ለምሳሌ ሙሉው በኪሎ 400 ብር ከሆነ፣ አንድ ኪሎ ንጹህ ሥጋ 1200 ብር ወጣበት ማለት ነው። ጎን ያለው ሱቅ የፍሪዘር ፊሌቶ 900 ብር ቢላችሁ ርካሽ ይመስላል። ሩቡ ውሃ ሆኖ ከፈሰሰ ግን ያው 1200 ነው። የቆሮሶው ጭንቅላትና አጥንት ደግሞ የእናንተ ነው። በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ቀቅሉት፣ ለቤተሰብ የሚበቃ ሾርባ ይወጣዋል። ስለዚህ አጥንቱን ትታችሁ እንዳትሄዱ።

ቆሮሶና ናይል ፐርች በምግብነታቸው ብዙ አይለያዩም። 100 ግራም ጥሬ ቆሮሶ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ስቡ ሁለት ግራም አይሞላም።

ትኩስነቱ ላይ ግን ይለያያሉ። የዝዋዩ ቆሮሶ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው አዲስ አበባ የሚገባው። የጫሞው ናይል ፐርች ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይመጣል። ሙሉ ዓሣ ደግሞ ዕድሜውን አይደብቅም። ዓይኑ ጥርት ያለ መሆን አለበት። ስንጥቡን (ጭንቅላቱ ጎን ያለውን መተንፈሻ) ገልጣችሁ እዩት፤ ቀይ ካልሆነ ተዉት። በጣት ስትጫኑት ሥጋው ተመልሶ ካልተነሳም ተዉት። ፊሌቶ ላይ ዓይንም ስንጥብም የለም።

ሙሉ ቆሮሶውን ጎን ጎኑን ሰንጥቆ፣ ጨውና ሎሚ አሽቶ፣ ዘይት ውስጥ ለቀቅ ማድረግ ነው። ለጥብስ ቆሮሶን የሚያህል የለም። ለጉላሽ ከሆነ ግን ናይል ፐርች ይሻላል፤ የቆሮሶ ሥጋ ስስ ስለሆነ ድስት ውስጥ ይፈርሳል። ያኔም ቢሆን ቆዳውና ቅርፊቱ ያልተነሳ ቁራጭ ካልሰጡኝ አልገዛም። ቅርፊቱን ቤት ገብቼ ራሴ አነሳዋለሁ።