እናቴን ላዳነችልኝ ሲስተር እግዜር ይስጥልኝ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ጎረቤቶቼ፣ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ደረጃ ሲወጡ ደረታቸውን ጭምቅ አድርጎ ይዞ፣ ቁጭ ሲሉ የሚለቃቸው ከሆነ፣ እባካችሁ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ለሲስተር አሳዩአቸው። ስሜን እንዳትጠሪ ስላለችኝ አልጠራም። ተመላላሽ ክፍል ስትገቡ ቀስ ብላ የምታወራዋ እሷ ናት።

እናቴን እንዲህ ሲያማት፣ ሲስተር ጋ ከመድረሳችን በፊት ያየነውን ፍዳ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። አንዱ ክሊኒክ ጨጓራ ነው አለ። ሌላው እንደ ልማዱ ታይፎይድና ታይፈስ ብሎ መርፌ አዘዘ (መቼም እዚህ አገር ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ የለብህም የተባለ ሰው አላየሁም)። ሕመሙ መንጋጋዋ ድረስ ሲወጣ ደግሞ ደህና ጥርሷን ነቀሉባት። ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ያነሳት ቦታ አልጋ ላይ አስተኝተው "ኖርማል ነው፣ ጭንቀት ነው" ብለው ሸኙን። ብሩስ ይቅር፣ እናቴን እንደ አስመሳይ ያዩበት ዓይን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሲስተር ግን ምንም ሳትነካት በፊት ጠየቀቻት። "እማማ፣ ሲጀምርዎ ምን እያደረጉ ነበር? አረፍ ሲሉስ?" በቃ! ያኔውኑ ዶክተሩን ጠርታ ሪፈር አጻፈችልን። ሆስፒታል የተሠራላትን ሁሉ እኔ አልገባኝም። ለልብ ደም የሚያደርሰው ሥር ጠቧል፣ ሥራ ሲበዛበት ደም ያጥረዋል አሉን። ተኝታ ስትመረመር ምንም ያልታየው ለዚህ ነው አሉ።

ሕመሙ ሲነሳባት ከምላስ ሥር የሚደረግ ኪኒን ተሰጥቷት ለግፊት ክትትል ስንመለስ፣ ሲስተር "መድኃኒቱስ?" አለቻት። እናቴ መቀነቷን ፈትታ ኪኒኑን አወጣች! ሲስተር አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም። ከብልቃጡ ከወጣ ኃይሉን እንደሚያጣ ነግራት፣ ሌላ እንድንገዛ አዘዘችን። ከዚያ በባዶ እጇ አለማመደቻት፦ መጀመሪያ ቁጭ ማለት፣ ከምላስ ሥር ማድረግ፣ አለመዋጥ፣ 5 ደቂቃ ጠብቆ ካልተሻለ 907 ደውሎ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ መጥራት። እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች ስልኳን ተቀብላ አንድ ቁልፍ ሲጫን 907 እንዲደውል አደረገችላት። ይኼ ሁሉ ሲሆን ውጭ ሰልፉ በር ላይ ደርሷል!

አሁን እማዬ ገበያ ትወጣለች። ደረጃውን ግን እያረፈች ነው የምትወጣው፣ ዕቃውን እኔ ነኝ የምሸከመው።

ሲስተርዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። እናንተም ነገ ዛሬ አትበሉ፣ ሂዱ። ጠዋት በጊዜ ድረሱ እንጂ ካርድ ክፍሉ ይጨናነቃል።