ለትንሽ ባንድ ክሊፕ የሚሆን አፕ፦ ብላክማጂክ ካሜራ

ለትናንሽ ባንዶች ክሊፕ እቀርጻለሁ። ደንበኞቼ ከኪሳቸው አዋጥተው ስቱዲዮ የገቡ ልጆች ናቸው። ሚክሲንግና ማስተሪንግ ከከፈሉ በኋላ የሚተርፋቸው ብር ጥሩ ካሜራ ከነሌንሱ ለመከራየት አይበቃም። ስለዚህ በስልክ እንቀርጻለን። ዛሬ ስልክ የሚያወጣው ምስል ንጹሕ ነው። ክሊፑን የሚያሳብቅበት ሌላ ነገር ነው፦ በአንድ ሾት መሀል ብርሃኑ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቀለሙ ይቀያየራል፣ ከንፈርና ድምፅ ቀስ በቀስ ይለያያሉ።

ይህን ሁሉ ያቃለለልኝ ብላክማጂክ ካሜራ የተባለው አፕ ነው። የሠራው ብላክማጂክ ዲዛይን የተባለ የአውስትራሊያ ኩባንያ ነው፤ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራምም የእሱ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2023 ለአይፎን፣ በ2024 ደግሞ ለአንድሮይድ ወጣ። ነፃ ነው። ማስታወቂያ የለውም፣ ቪዲዮው ላይ ምልክት አይለጥፍም። ከእሱ በፊት ሁሉም ሰው የሚመክረው ፊልሚክ ፕሮ ነበር፤ እሱ በ2022 በየጊዜው ወደሚከፈል ክፍያ ዞረ። አዲስ አበባ ተቀምጦ በየጊዜው በዶላር መክፈል ለብዙዎቻችን የማይሆን ነገር ነው። ካርዱንስ ከየት እናመጣለን? ነፃ መሆኑ ለእኛ ቅናሽ ብቻ አይደለም፤ መጠቀም መቻልና አለመቻል ነው።

አፑ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምወደው መቆለፉን ነው። ብርሃን፣ ፎከስ፣ ኋይት ባላንስ (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን የሚያስተካክለው) አንዴ ካስተካከልኳቸው በኋላ ንቅንቅ አይሉም። የስልኩ የራሱ ካሜራ ግን ሁልጊዜ ስለ እኔ ይወስናል። ነጭ ነጠላ የለበሰች ዘፋኝ ወደ ካሜራው ስትቀርብ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጨልማል፤ ፊቷ ይጠፋል። ስትርቅ መልሶ ያበራል። ጠይም ፊትና ነጭ ነጠላ በአንድ ፍሬም ሲገናኙ ለማንኛውም ካሜራ ከባድ ነው። እኔ ዜብራውን እከፍታለሁ። ብርሃን ከልክ ያለፈበት ቦታ ላይ ሰያፍ መስመር ያሳያል። ፊቷ በደንብ እስኪታይ ብርሃኑን ከፍ አደርጋለሁ፤ መስመሩ ጥለቱን መብላት ሲጀምር አቆማለሁ። ከዚያ እቆልፋለሁ። ዘፋኟ እንደፈለገች ትምጣ፣ ትሂድ።

ኋይት ባላንሱም እንደዚሁ በቁጥር ይገባል። እንጦጦ ባሕር ዛፉ ሥር ስንቀርጽ ሁለቱንም ስልኮች 5600 (የቀን ብርሃን ቁጥር) ላይ አደርጋቸዋለሁ። አንዱ ሳምሰንግ፣ አንዱ አይፎን ከሆነ ቀለማቸው ፍጹም አንድ አይሆንም። ግን ቢያንስ ልዩነቱ ከሾት ወደ ሾት አይቀያየርም፤ ሪዞልቭ ላይ አንድ ጊዜ አስተካክሎ ለሁሉም መገልበጥ ይቻላል።

ልምምድ ክፍል ውስጥ የሚቀርጽ ሰው ደግሞ የመብራት መርገብገብን ያውቃል። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርትዝ ነው። ርካሽ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ያየዋል። ዩቲዩብ ላይ ያሉት አስተማሪዎች ብዙዎቹ አሜሪካኖች ናቸው፤ የእነሱ ኤሌክትሪክ 60 ኸርትዝ ስለሆነ ቁጥራቸውን እንዳለ መገልበጥ ግድግዳችሁ ላይ ጥቁር መስመር ያመጣል። እዚህ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሹተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉ። አፑ ሴቲንግ ውስጥ 50 ወይም 60 ኸርትዝ የሚል ምርጫ አለው። ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ሆናችሁ የምትቀርጹ 30 ፍሬምና 1/60 ይስማማችኋል።

ደጅ ሲወጣ ግን ይኸው 1/50 ጣጣ አለው። የአብዛኛው ስልክ ሌንስ አይጠብም አይሰፋም፤ እኩለ ቀን ላይ ሁሉ ነገር ነጭ ይሆናል። ኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ላይ የሚደረግ ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት) የሌለው ሰው ጠዋት 1 ሰዓት አካባቢ ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ይቅረጽ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰዓት ያለው የአዲስ አበባ ብርሃን በምንም ፊልተር አይገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ደስታዬ ልምጣ። ትልልቆቹ ክሊፖች ላይ ዘፋኙ በዝግታ፣ ተንሳፍፎ የሚሄድ መስሎ ሲንቀሳቀስ ከንፈሩ ግን ከዘፈኑ ጋር ልክ የሚገጥምበት ሾት አለ። ውድ ካሜራ አይፈልግም። አፑን 50 ፍሬም ላይ አድርጉት። ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት በስፒከር ልቀቁ። ዘፋኙ በዚያ ፍጥነት ይዝፈን። ከዚያ ቪዲዮውን ሪዞልቭ ላይ ወደ 25 ፍሬም አውርዱት። እንቅስቃሴው በግማሽ ይዘገያል፣ ከንፈሩ ከዋናው ዘፈን ጋር ይገጥማል። ባንዱ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ላፕቶፕ ላይ ሲያይ የሚያሰማውን ጩኸት በጣም ነው የምወደው።

ዘፈን ግን ይመርጣል። ለስለስ ላለ፣ ትዝታ ትዝታ ለሚል ዘፈን ድንቅ ነው። ጭክችካ ላይ አይሆንም፤ በእጥፍ ሲፈጥን ቃሉን አፍ አይደርስበትም። እስክስታም በመደበኛ ፍጥነት ነው የሚያምረው። ለእስክስታ 25 ፍሬም ላይ እቆያለሁ፤ ሹተሩን ብቻ 1/100 አደርገዋለሁ። ትከሻው ጥርት ብሎ ይታያል፣ መብራቱም አይርገበገብም።

ለዚህ ዘዴ ሁለት ማሳሰቢያ። ሪዞልቭ ቪዲዮንና ዘፈንን በድምፃቸው ራሱ ያገጣጥማል፤ ዘፈኑ በእጥፍ ሲለቀቅ ግን ያ አይሠራም። ስለዚህ ዘፈኑ መጀመሪያ ላይ ጭብጨባ አስገቡበት፣ በእሱ ትገጥማላችሁ። ደግሞም ፕሮጀክቱን 25 ፍሬም ያድርጉት ገና ቪዲዮ ሳይገባበት። በኋላ ልቀይር ብትሉ ሪዞልቭ አይፈቅድም።

ቅሬታም አለኝ። ማታ ላይ አፑ ደካማ ነው። የስልኩ የራሱ ካሜራ ጨለማን በራሱ እያጸዳ ያሳያል፤ ይሄ አፕ የሚሰጣችሁ ምስል ግን አሸዋ ይበዛበታል። አሸዋውን የሚያጠፋው የሪዞልቭ መሣሪያ ደግሞ የሚገኘው 295 ዶላር በሚሸጠው ስቱዲዮ በተባለው እትም ላይ ነው። ስለዚህ ማታ የምትቀርጹ ከሆነ ያላችሁን ብር መብራት ላይ አውሉት። እኔ ትልልቅ አምፖሎች ፊት ነጭ አቡጀዲ እወጥራለሁ፣ አምፖሉን ሳላስነካው። ብርሃኑ ይለሰልሳል፤ ፊት ላይ የሚያርፍበት መንገድ ያምራል።

ፕሮሬስ የሚለውን የቪዲዮ ፎርማት ምርጫ አትንኩት። አይፎን ላይ 4ኬ ፕሮሬስ በደቂቃ 6 ጊጋባይት ገደማ ይበላል። አምስት ደቂቃ ዘፈን አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ብትቀርጹ 30 ጊጋባይት ሄደ ማለት ነው። ቪዲዮውን አሳንሶ የሚያስቀምጠው ኤች 265 የሚባለው ፎርማት ይበቃል። እሱም የቆየ ላፕቶፕን ያደክማል፤ ሪዞልቭ ውስጥ መጀመሪያ ፕሮክሲ (ለማቀናበር የሚቀል የቪዲዮው ትንሽ ቅጂ) ሥሩና ሥራችሁ ቀለል ይላል።

ፀሐይ ላይ ስልኩ ይግላል፣ ስክሪኑም ራሱን ያደበዝዛል። በሾትና በሾት መሀል ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ጃንጥላ የሚይዝ አንድ ሰው መድቡ፤ ከእኔ ልምድ ያ ሰው ከሁለተኛ ካሜራማን ይበልጣል።

የሚያሳዝነኝ ግን የስልኩ ዓይነት ነው። ለአንድሮይድ መጀመሪያ ሲወጣ የሚሠራው በፒክሰልና በሳምሰንግ ኤስ ስልኮች ላይ ነበር። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ሰፍቷል፤ ቢሆንም ትኩረቱ ውድ ስልኮች ላይ ነው። የእኛ ባንድ ልጆች እጅ ላይ ያለው በብዛት ቴክኖ ነው። ይህ አፕ ከማንም በላይ የሚጠቅመው ለእነሱ ነበር። ኩባንያው ርካሽ ስልኮችን ቢያስብ ብዬ ከልቤ እመኛለሁ። ሜኑውም በአማርኛ የለም፤ ይህን ጽሑፍ በቁጥር የሞላሁት አንዱ ለዚያ ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ ያለ ስልክ ካላችሁ ወይም ከባንዱ አንዱ ካለው፣ ዛሬውኑ አውርዱት። ለክሊፕ ብላችሁ ሁለተኛ እጅ ስልክ ልትገዙ ከሆነ ግን ብር ሳትከፍሉ እዚያው ሻጩ ፊት አፑን አውርዳችሁ ክፈቱት። 50 ፍሬም በሁሉም አንድሮይድ ላይ አይገኝም። መኖሩን በዓይናችሁ እዩ፣ ለአምስት ደቂቃ አስቀርጹት፣ መጋሉንም በእጃችሁ ሞክሩ።