ለአሮጌ ዲቲ 125 የተገዛ «ሃምሳ» ፒስተን፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

የዚህ ፒስተን ነገር በአንድ ቁጥር ያልቃል፦ 56.50። ካርቶኑ 0.50 ይላል (ከመደበኛው በግማሽ ሚሊሜትር የሚሰፋ ማለት ነው)፣ አናቱ ላይ 0.50 ተመትቷል፣ ጎኑ በማይክሮሜትር ሲለካም ልክ 56.50 ሚሊሜትር ይወጣል። ሻጭ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምን ጎደለ?» ይላል። ሞተሩን ያስያዘው፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ እንዲቆም ያደረገው ግን ይኸው ልክነቱ ነው።

ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዘው የያማሃ ዲቲ 125፣ ባለ ሁለት ስትሮክ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የሲሊንደሩ ስፋት 56፣ የፒስተኑ ምት 50 ሚሊሜትር፣ በጠቅላላው 123 ሲሲ። ሲሊንደሩ ስላለቀ ወደ ሃምሳ (0.50) ተቆፈረ፣ አዲስ ፒስተን ከነፋሻው (ከነቀለበቱ) ገባለት። በሱሉልታና በአዲስ አበባ መካከል ሲመላለስ በአንድ ርግጫ ይነሳል፣ ጭሱም ልከኛ ነው፤ ስለዚህ ብዙ የሚባል የለም። ችግሩ የታየው ሰው ጭኖ የእንጦጦን ዳገት በሙሉ ጋዝ ሲወጣ ነው። መጀመሪያ ይደክማል፣ ፍሪሲዮን ተይዞ ትንሽ ሲቀዘቅዝ ይድናል፣ በኋላ ጭርሱኑ ያዘ። ሲሞቅ ደክሞ ሲቀዘቅዝ የሚድን ሞተር ካርቡሬተር አያስፈታም፤ ቴስታታ (የሲሊንደሩን ክዳን) ነው የሚያስፈታው።

ሱቅ ሲመለሱ የሚጠብቀው መልስ የታወቀ ነው። «ዘይት አጥሮት ነው።» ዘይት ያጠረው ሞተር ምልክቱን ይተዋል። የፒስተኑ ፒን በሙቀት ሰማያዊ ይሆናል፣ የቢዬላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያያይዘው ዘንግ) ላይኛው ሮለር ይደርቃል፣ ጭረቱም በአብዛኛው በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል ይበረታል። እዚህ ፒኑ እንደ አዲስ ያበራል፣ ሮለሩ ዘይት ጠግቧል፣ የዘይት ፓምፑም የተመደበለትን ይሰጣል።

«እንግዲያው ቤንዚን አንሶት ነው፣ ጂግለሩን አሳድገው።» ጂግለር ቤንዚን በካርቡሬተሩ ውስጥ የሚያልፍበት ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ ይህኛው ግን የአገሩን ከፍታ የረሳ መልስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,355 ሜትር ላይ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ በፋብሪካው ጂግለር የሚሠራ ሞተር እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል እንጂ አያንሰውም። የሚያንሰው መካኒክ ለሱሉልታ ብሎ ጂግለሩን ካሳነሰ በኋላ ሞተሩ በዚያው ወደ ሞጆና አዳማ ሲወርድ ነው፤ ያ ሌላ በሽታ ነው። ቤንዚን ያነሰው ፒስተን ካንዴላው ይነጣል፣ የአናቱ ጠርዝ በአሸዋ የተመታ ይመስላል፣ ሲገለበጥ ከአናቱ ሥር የተቃጠለ ጥቁር ይታያል። ይህ ፒስተን ከሥሩ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው፣ ካንዴላውም እንዲሁ። አየር ከሌላ ቦታ ሾልኮ ይገባ እንደሆነ ለማየት የማርሚታውና የካርቡሬተሩ ቀዳዳ ተደፍኖ 0.4 ባር አየር ይሞላል፤ ለስድስት ደቂቃ ካልወረደ የክራንኩ ኦይል ሲልና ጋስኬቱ ደህና ናቸው። አልወረደም። (ይህን ሙከራ ሳያደርግ ካርቡሬተር የሚነካካ መካኒክ ገንዘብ ሊከፈለው አይገባም።)

አቧራ ቢሆንስ? የለገጣፎንና የቱሉ ዲምቱን የውስጥ መንገዶች ለሚያውቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። አቧራ ያለፈበት ፒስተን በካርቡሬተሩ በኩል ያለው ጎኑ ደብዝዞ ይላጋል እንጂ ብረት አይጣበቅበትም። ይህ የተጣበቀው በአራት ቦታ ነው፦ ፒኑ በሚያልፍበት በሁለቱም ጫፍ፣ ከጫፉ ግራና ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች የወረዱ አራት መስመሮች። እዚያ ጋ አሉሚኒየሙ ወፍራም ስለሆነ ሲሞቅ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ይለጠጣል። አራቱ ማዕዘን እኩል ከተላጠ ፒስተኑ ለሲሊንደሩ ጠቦታል ማለት ነው። ሞተር ሳይሞቅ በሙሉ ጋዝ ሲነዳም ይኸው ምልክት ይወጣል፣ በሱሉልታ ብርድ ደግሞ ይብሳል። ዳገቱ ላይ የያዘው ሞተር ግን ሞቆ ነበር።

ልኬቱ ነገሩን ይዘጋዋል። ሲሊንደሩና ፒስተኑ አንድ ክፍል ውስጥ ሰዓታት ቆይተው አንድ ዓይነት ሙቀት ሲኖራቸው ነው የሚለካው። ፒስተኑ ከታችኛው ጠርዝ 10 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ፣ ከፒኑ አቅጣጫ በቀጥታ ተሻግሮ፤ ሲሊንደሩ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ። ካሊፐር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሲሊንደሩ 56.52 ሆነ። ፒስተኑ 56.50። ክፍተቱ 0.02 ሚሊሜትር ብቻ!

ሲሊንደሩን የቆፈረው የቶርኖ ቤቱ ሰው አልተሳሳተም ማለት ይቻላል። የዋናው (የያማሃው) ፒስተን «ሃምሳ» ጎኑ ሲለካ 56.46 ገደማ ነው፣ ክፍተቱ ከውስጡ ተቀንሶለት ይመጣል፤ በ56.52 ሲሊንደር ሳይጨነቅ ይሠራል። የዚህ ካርቶን ሠሪ ግን ቁጥሩን ያለ ቅናሽ ፒስተኑ ላይ አስፍሮ፣ ስንት ክፍተት እንደሚፈልግ አንዲት መስመር ወረቀት እንኳ ሳይጨምር ላከው። አሉሚኒየም ከብረት በእጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ለዋናው 0.04 የሚበቃ ከሆነ፣ ቅይጡ ለማይታወቅ ርካሽ ፒስተን 0.05 እስከ 0.06 መስጠት ግድ ነው። «ሮዳጅ ስላልተጠበቀ ነው» (አዲሱ ፒስተን በቀስታ ስላልተለማመደ ነው) የሚለው የመጨረሻው ሰበብም እዚህ ይወድቃል፤ ሮዳጅ 0.02ን 0.05 አያደርግም።

ሲሊንደሩ ይተርፋል፣ ወደ ሰባ አምስት (0.75) መቆፈርም የለበትም። የካሚቻው (የሲሊንደሩ የውስጥ ብረት) ግድግዳ ላይ የተጣበቀው አሉሚኒየም ነው፣ ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ አሉሚኒየም ይበላል እንጂ ብረት አይነካም። በውሃ ተበጥብጦ፣ ጓንትና መነጽር ተደርጎ፣ እንጨት ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ ጭረቱ ላይ ብቻ ይነካካል። አረፋው ሲያቆም ይታጠባል። የሲሊንደሩ ውጪ አሉሚኒየም ስለሆነ አንድ ጠብታ ወደ ክንፎቹ መውረድ የለበትም። ከዚያ ሆኒንግ (ውስጡን በድንጋይ መሳል) እስከ 56.555። በዚህ 0.035 ጭማሪ የፋሻው አፍ በ0.11 ይከፈታል፤ 0.25 የነበረው 0.36 ሲሆን አሁንም ደህና ነው። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ጠርዝ ስለት ካለው በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ይለዝባል፣ አለዚያ ፋሻ ይሰብራል። በመጨረሻ በሙቅ ውሃና ሳሙና ነጭ ጨርቅ ንጹሕ እስኪወጣ ማጠብ፣ ወዲያው ዘይት መቀባት።

የተላጠው ፒስተን ፋሻው በቦዩ ውስጥ ተጨፍልቆ ስለተያዘ ይጣላል። ታዲያ ከዚያው ካርቶን ሌላ ይገዛ? ንዴቱ ትኩስ እያለ መልሱ «በፍጹም» ነበር። ብረቱ ግን ክፉ አይደለም፣ የዋናው ዋጋም የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ይገዛ፣ ግን ሱቁ ውስጥ በማይክሮሜትር ተለክቶ፣ ቶርኖ ቤትም ፒስተኑን ሳያይ ሲሊንደር እንዳይነካ። «ፕላስቲኩ ከተከፈተ አይመለስም» የሚል ሻጭ ዕቃውን ይዞ ይቀመጥ። አብረው የሚመጡት የፒን ክሊፖች ለስላሳ ናቸው፤ እነሱን ጥሎ የዋናውን ገዝቶ፣ አፋቸውን ወደ ታች አድርጎ መግጠም ነው።